ከዋጋው በፊት ውኃውን እንጠይቅ
ዝናብና መስኖ በአትክልትና በፍራፍሬ ንግድ ላይ ስላላቸው ኃይል

ነጋዴ ዕቃ ሲገዛ ሚዛኑን፣ መልኩንና ዋጋውን ይመለከታል። ብረት ወይም ጨርቅ ለሚገዛ ሰው ይህ ይበቃው ይሆናል። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንች፣ ሙዝና ብርቱካን ለሚገዛ ሰው ግን አይበቃም፤ በእነዚህ ዕቃዎች ውስጥ ሚዛን ከሚደፋው ነገር አብዛኛው ውኃ ነውና። ከ100 ኪሎ ቲማቲም ውስጥ 94 ኪሎ ያህሉ ውኃ ነው፤ ከጥቅል ጎመን 92፣ ከሽንኩርት 89፣ ከብርቱካን 87፣ ከድንች 79፣ ከሙዝ 75 ኪሎ ያህሉ እንዲሁ ውኃ ነው። እንግዲህ የአትክልት ነጋዴ በልጣጭ የተጠቀለለ ውኃ የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ይህ ውኃ ወደ ተክሉ የገባው መቼ ነው? በምን ያህል ልክ ነው? ከዝናብ ነው ወይስ ከመስኖ? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ዕቃው በመጋዘን ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ በመንገድ ላይ ምን ያህሉ እንደሚበላሽ፣ ከደንበኛ ዘንድም ምስጋና ወይም ወቀሳ እንደሚያመጣ አስቀድሞ ይወስናል። ስለዚህ ጉዳዩ የገበሬው ብቻ ሳይሆን የእኛም የነጋዴዎቹ ጭምር ስለ ሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ ባጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

እኔን ራሴን ወደዚህ ምርመራ የመራኝ አንድ ኪሳራ ነው። በጸሐፊነት በማገለግልበት ንግድ ቤት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጭነት መኪና ሽንኩርት ተራገፈ። አገሩ አንድ፣ ደላላው አንድ፣ ዋጋውም አንድ ነበረ። እንዲያውም ሁለተኛው ጭነት ራሱ የደነደነና የሚያንጸባርቅ ስለ ነበረ ባለቤቱ በርሱ የበለጠ ተደሰቱ። የመጀመሪያው ጭነት አምስት ሳምንት ሙሉ ደኅና ሆኖ ተሸጠ። ሁለተኛው ግን ገና በዐሥረኛው ቀን ጆንያው መርጠብና መሽተት ጀመረ፤ ገሚሱ በርካሽ ተሸጠ፤ የቀረው ተጣለ። መዝገቤን ባገላብጥ ቀኑ፣ ኩንታሉ፣ ዋጋው፣ የመኪናው ቁጥር ሳይቀር ተጽፎአል፤ የጥፋቱን ምክንያት የሚናገር ግን አንድም መስመር አልነበረበትም።

በኋላ ወደ ስፍራው በሄድሁ ጊዜ ሁለተኛውን ጭነት የሸጡልን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነገሩን ሳይደብቁ ነገሩኝ። የገበያው ዋጋ ከፍ ማለቱን ስለ ሰሙ፣ ሽንኩርቱ ሊነቀል ሦስት ቀን ሲቀረው ሚዛን እንዲያነሣ ብለው ውኃ አጠጥተውታል። ምነው እንዲህ አደረጉ ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እናንተ ክብደት ትገዛላችሁ፤ እኛም ክብደት እንሸጥላችኋለን» አሉኝ። አነጋገራቸው ከልቤ አልጠፋም፤ ለዚህም ጽሑፍ መነሻ የሆነው እርሱ ነው።

ተክል ውኃን ለምን ይሻል?

ተክል ውኃን የሚሻው ለመጠጥ ብቻ አይደለም። ውኃው በሥሩ ገብቶ በግንዱ ይወጣና በቅጠሉ ላይ ባሉት እጅግ ደቃቅ ቀዳዳዎች ተንፍሶ ወደ አየር ይሄዳል። በዚህ ጉዞው ከአፈር የተገኘውን ምግብ ተሸክሞ ለየክፍሉ ያድላል፤ ቅጠሉንም ከፀሐይ ትኩሳት ያበርዳል። አፈሩ ሲደርቅ ተክሉ ውኃው እንዳያልቅበት እነዚያን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ነገር ግን ምግቡን ለመሥራት የሚያስፈልገው አየር የሚገባው በእነዚሁ ቀዳዳዎች ስለ ሆነ፣ ጥሙ በቆየ መጠን ዕድገቱ ይቆማል፤ አበባው ይረግፋል፤ ፍሬውም ይቀጭጫል።

ውኃ ሲበዛም ጉዳቱ ከዚህ አያንስም። በአፈር ቅንጣቶች መካከል የነበረው አየር በውኃ ስለሚተካ ሥሩ ይታፈናል፤ ቅጠሉ ይገረጣል፤ በሽታም መግቢያ ያገኛል። በውኃ ውስጥ የቆመ ተክል አንዳንድ ጊዜ እንደ ተጠማ ሆኖ የሚጠወልገው ሥሩ ስለ ታፈነ ነው።

ልኩ ምን ያህል ነው?

የዝናብ ልክ በሚሊ ሜትር ይቈጠራል። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው፤ በአንድ ሄክታር ላይ ሲታሰብ 10,000 ሊትር ይሆናል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ባወጣው መምሪያ መሠረት ከተተከለ ጀምሮ እስኪሰበሰብ ድረስ ሽንኩርት ከ350 እስከ 550፣ ጥቅል ጎመን ከ350 እስከ 500፣ ቲማቲም ከ400 እስከ 800፣ ድንች ከ500 እስከ 700፣ ቃሪያና በርበሬ ከ600 እስከ 900 ሚሊ ሜትር ይፈልጋሉ። ዓመቱን ሙሉ የሚቆሙት ዛፎች ፍላጎታቸው ከዚህ ይበልጣል፤ ብርቱካንና መሰሎቹ ከ900 እስከ 1,200፣ ሙዝ ከ1,200 እስከ 2,200 ሚሊ ሜትር በዓመት ይሻሉ።

ይኸው ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ባሳተመው ጥናት የውኃ ጉድለት ምርትን በምን ያህል እንደሚቀንስ አስልቷል። ሽንኩርት ወይም ድንች በዕድገቱ ዘመን ከሚያስፈልገው ውኃ ከመቶ ዐሥር እጅ ቢጎድልበት ምርቱ ከመቶ 11 እጅ ያህል ይቀንሳል፤ ሙዝ ደግሞ ከዚያ በላይ ይጎዳል። እንግዲህ በሚያዝያ ወር በአንድ ወረዳ ቦይ ደረቀ ሲባል የሰማ ነጋዴ በግንቦትና በሰኔ ገበያው ወዴት እንደሚያዘነብል ከወዲሁ ሊገምት ይችላል።

ዝናብና መስኖ አንድ አይደሉም

በመካከለኛው ደጋችን የሚዘንበው ዝናብ በድምሩ ሲታይ ጥቂት አይደለም። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። ችግሩ የሚበዛው ክፍል ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ተሰብስቦ መውረዱ ነው። የበልጉ ዝናብ አንዱን ዓመት ደኅና ይሆንና ሌላውን ዓመት ይቀራል። በጋው ደግሞ ያለ መስኖ አትክልት አያበቅልም።

በክረምት ውኃ ሳይጠፋ ሽንኩርትና ቲማቲም ለምን ይወደዳሉ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው። መልሱ ይህ ነው። ዝናብ ሲሻው ይመጣል፤ ሲሻው ይቀራል፤ በቃ ቢሉት አይሰማም፤ ከላይም ወርዶ ቅጠሉን ስለሚያረጥብ የሻጋታ በሽታዎችን ያሰራጫል። በመስኖ የሚያለማ ሰው ግን ውኃውን በቦይ ወደ ሥሩ ብቻ ይመራል፤ ሲበቃም ይዘጋል። ስለዚህ በስምጥ ሸለቆና በአዋሽ አካባቢ አብዛኛው ሽንኩርትና ቲማቲም የሚለማው በበጋ በመስኖ ነው። የክረምቱ ምርት ያነሰ፣ ለበሽታ መድኃኒት ብዙ ወጪ የወጣበትና ለመቆየትም የደከመ በመሆኑ ዋጋው ከፍ ይላል።

በየዓይነቱ ሲታይ

ሽንኩርት። ሽንኩርት ሥሩ አጭር ነው፤ ውኃውን የሚስበው በአብዛኛው ከላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት፣ ግን ቶሎ ቶሎ መጠጣት ይወድዳል። ራሱ በሚደነድንበት ጊዜ ጥም ካገኘው ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ሲደርስ ግን ጠባዩ ይለወጣል። ሊነቀል ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሲቀረው ውኃው ፈጽሞ መቆም አለበት። በዚያን ጊዜ ቅጠሉ አንገቱን ደፍቶ ይወድቃል፤ አንገቱም ይቀጥንና ይደርቃል፤ ልጣጩ ቀልሞ እንደ ወረቀት ይሆናል። ይህ የደረቀ አንገት የሽንኩርቱ መዝጊያ ነው። በመጨረሻው ሳምንት ውኃ ከጠጣ ወይም ያልታሰበ ዝናብ ካገኘው አንገቱ እንደ ወፈረና እንደ ተከፈተ ይቀራል፤ አበስባሹ ተሐዋሲም በዚያ በር ይገባል። ከተነቀለ በኋላም በጥላ ሥር አየር በሚዘዋወርበት ስፍራ አንድ ሳምንት ወይም ዐሥር ቀን ያህል መድረቅ ይገባዋል። ከእርሻ ተነቅሎ በዚያው ቀን ጆንያ የገባ ሽንኩርት፣ ላቡን ይዞ የተሰፋ ነውና አይቆይም።

ቲማቲም። ቲማቲም የሚጠላው አለመመዛዘንን ነው። ለብዙ ቀን ተጠምቶ በድንገት ብዙ ውኃ ሲያገኝ ሥጋው ፈጥኖ ያብጣል፤ ልጣጩ ግን እኩል ሊሰፋ ስለማይችል ይሰነጠቃል። ከድርቅ ቀጥሎ ዝናብ በጣለ ሳምንት የሚመጣው ቲማቲም በግንዱ ዙሪያ ተሰንጥቆ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ምልክት የፍሬው ግርጌ መጥቈር ነው። ይህ በብዙ ሰው ዘንድ ተላላፊ በሽታ ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። ካልሲየም የሚባለው ማዕድን ከውኃው ጋር የሚጓዝ ስለ ሆነ፣ የውኃው ጉዞ በተቋረጠ ጊዜ ፍሬው ሳያገኘው ይቀርና ጫፉ ይሞታል። በመብሰያው ጊዜ ውኃ የበዛበት ቲማቲም ደግሞ መልኩ ያማረ ቢሆንም ጣዕሙ የቀጠነ ነው፤ ድልህ ለሚያመርት ፋብሪካም ትርፍ ውኃውን ለማትነን ብዙ ነዳጅ ያስወጣዋል።

ድንች። ድንች ፍሬውን ከመሬት በታች በሚያንጠለጥልበት ጊዜ ከተጠማ ፍሬው በቁጥር ያንሳል። ተጠምቶ ደግሞ በኋላ በብዛት ቢጠጣ ጉብ ጉብ ያለበት፣ የተሰነጠቀ ወይም ውስጡ ባዶ የሆነ ይሆናል። በእርጥብ ጭቃ ውስጥ የቆየ ድንች በልጣጩ ላይ ያሉት ጥቃቅን መተንፈሻዎች አብጠው ስለሚከፈቱ የሚያበሰብሰው ተሐዋሲ በቀላሉ ይገባበታል። ከሁሉ የከፋው ግን በብርድና በርጥበት ጊዜ ቅጠሉን እንደ እሳት ለብልቦ የሚያጠቁረው የሻጋታ በሽታ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1845 ጀምሮ አየርላንድን በረኃብ የፈጀው፣ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብም ያለቀበት ይኸው በሽታ ነበረ። በእኛም ደጋ በክረምት ለሚተከለው ድንች ዋና ጠላቱ እርሱ ነው። ዝናቡ በሽታውን ከቅጠሉ አጥቦ ወደ ፍሬው ስለሚያወርደው፣ ሲገዛ ጤነኛ የመሰለ ድንች በመጋዘን ውስጥ ሊበሰብስ ይችላል።

ብርቱካንና ሙዝ። እነዚህ ሁለቱ በጠባይ ተቃራኒዎች ናቸው። ብርቱካን በቆላ አገር ጥቂት ጊዜ ጥም ካየ በኋላ ውኃ ሲያገኝ በአንድነት ያብባል፤ ስለዚህ ዐዋቂ አትክልተኛ ውኃውን በመከልከልና በመስጠት የመድረሻውን ወራት በመጠኑ ሊያስተካክል ይችላል። ሙዝ ግን ቅጠሉ ሰፊ፣ ሥሩም ከላይ የተዘረጋ ስለ ሆነ አንድ ሳምንት እንኳ መጠማት አይወድም፤ ከተጠማ ጣቱ አጭርና ቀጭን ይሆናል። ለአዲስ አበባ ሙዝ በብዛት የሚመጣባት አርባ ምንጭ ከዓባያና ከጫሞ ሐይቆች አጠገብ ከተራራ በሚወርዱ ወንዞች የታደለች ናት። እንዲሁም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 የቆቃ ግድብ መሠራቱ የአዋሽን ውኃ በበጋ እንዳይጎድል፣ በክረምትም እንዳይበረታ ስላደረገው፣ በላይኛው አዋሽ ለተስፋፋው የብርቱካን እርሻ ትልቅ ድጋፍ ሆኗል።

በርበሬ። ወደ ውጭ አገር ለሚልኩ ነጋዴዎች ከሁሉ የሚያሳስበው ይህ ነው። በርበሬ ቀልቶ ከተለቀመ በኋላ በሚሰጣበት ጊዜ ያለ ወራቱ ዝናብ ቢወርድበት ወይም ባዶ መሬት ላይ ተሰጥቶ ርጥበት ቢስብ ሻጋታ ይይዘዋል። ሻጋታውም አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያፈልቃል። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎ በርበሬ ውስጥ የሚፈቅደው የዚህ መርዝ ጠቅላላ ልክ 10 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ አንድ ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። መርዙ በዓይን አይታይም፤ ቢፈጭም፣ ቢታመስም በሙሉ አይጠፋም። በመጋረጃና በቆጥ ላይ ለማድረቅ የሚወጣው ጥቂት ገንዘብ ከውጭ አገር ወደብ ከሚመለስ ጭነት ጋር ሲመዛዘን ከቁም ነገር አይገባም።

ምንጩ ራሱ ሲደርቅ

እስካሁን የተናገርነው በእርሻው ላይ ስላለው ውኃ ነው። ነጋዴ ግን የውኃውን ምንጭም መርሳት የለበትም። በሐረርጌ የሐረማያ ሐይቅ ለብዙ ዘመን በዙሪያው ያለውን የድንች፣ የሽንኩርት፣ የካሮትና የጎመን እርሻ አጠጥቷል፤ ለሐረር ከተማም የመጠጥ ውኃ ሰጥቷል። ከዚያ አገር የሚወጣው አትክልት ድሬዳዋን አልፎ እስከ ጂቡቲና እስከ ሶማሌ ገበያ ይደርስ ነበር። ነገር ግን የውኃ መሳቢያ ሞተሩ በየዓመቱ እየበዛ ሲሄድ፣ ከተራቈተው ኮረብታ የሚታጠበው አፈርም ሐይቁን ሲሞላው፣ በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት ሐይቁ ደረቀ፤ ከብትም በወለሉ ላይ ተሰማራበት። በቅርብ ዓመታት ውኃው ዳግም መታየት ጀምሯል። ቢሆንም ትምህርቱ ሊረሳ አይገባውም። በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ በመቂና በባቱ የሚሠራው ሰፊ የአትክልት ልማትም ከዚያው ዓይነት ምንጭ የሚጠጣ ነው።

ለነጋዴው የሚጠቅም ምክር

አስመጪዎች የውኃ መሳቢያ ሞተር፣ የጎማ ቱቦና የጠብታ መስኖ ዕቃ የሚያስመጡ ቢሆን፣ ዕቃው ክረምቱ ሳይወጣ አገር ውስጥ ቢገባ መልካም ነው። የበጋው ተከላ ከመስከረም ጀምሮ ስለሚሰናዳ፣ በጥር የደረሰ ሞተር ወራቱ ያለፈበት ዕቃ ነው። የጠብታ መስኖም ውኃን በመቆጠብና ቅጠልን ባለማርጠብ ብልጫ ስላለው ገበያው ወደፊት እንደሚሰፋ አያጠራጥርም።

ላኪዎችና ጅምላ ገዢዎች ደግሞ ከዋጋው በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። መጨረሻ ውኃ የጠጣው መቼ ነው? ከዚያ ወዲህ ዝናብ ጥሎአል ወይ? ከተነቀለ በኋላስ ስንት ቀን ደርቋል? የሽንኩርቱን አንገት በጣት ጨምቆ ማየት ብቻውን ብዙ ይናገራል፤ ለስላሳና እርጥብ ከሆነ ለዕለት ገበያ እንጂ ለመጋዘን አይገዛም። ድንችም ጭቃ ከያዘ ሳይታጠብ ደርቆ ይራገፍ፤ ታጥቦ እርጥቡን በጆንያ የገባ ድንች ፈጥኖ ይበሰብሳል።

ባለ ሱቆች ዕቃው እንዲያምር ውኃ መርጨት የተለመደ ነው። ለሰላጣ፣ ለቆስጣና ለጎመን በንጹሕ ውኃ መጠነኛ ርጭት ይጠቅማል። ለሽንኩርት፣ ለነጭ ሽንኩርትና ለድንች ግን መርዝ ነው። በሰላጣና በቆስጣ ረገድ የመስኖውንም ምንጭ መጠየቅ ይገባል፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ በአቃቂ ወንዝ ውኃ የሚለማው አትክልት ከከተማና ከፋብሪካ የሚወርድ ቆሻሻ እንደሚያገኘው በተደጋጋሚ የተጠና ነገር ነውና።

ሒሳቡ ምን ይላል?

ወደ ሽማግሌው ገበሬ ቃል ልመለስ። ክብደት ብቻ የምንገዛ ከሆነ ገበሬው ውኃውን የሚያቆምበት ምክንያት የለውም። ሦስት ሳምንት ያልጠጣ ሽንኩርት ሚዛኑ ይቀላል፤ ገበሬው በአንድ ዋጋ ከሸጠው የሚከስረው ራሱ ነው። ስለዚህ የጥፋቱ ገሚስ የእኛ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ነጋዴ በቅርቡ የጠጣ ሽንኩርት 100 ኩንታል፣ ኩንታሉን በ3,000 ብር ሒሳብ ይግዛ እንበል። ሠላሳው ኩንታል ቢበሰብስ የቀረው 70 ኩንታል እያንዳንዱ 4,286 ብር ያህል ፈጀ ማለት ነው። ሌላው ነጋዴ በደንብ የደረቀውን ኩንታሉን 400 ብር ጨምሮ በ3,400 ብር ይግዛ፤ አምስት ኩንታል ብቻ ቢጎድልበት የቀረው 95 ኩንታል እያንዳንዱ 3,579 ብር ያህል ይሆንለታል። ውድ የገዛው ሰው በርካሽ ገዛ ማለት ነው። ገበሬውም የተጨመረለትን ባየ ጊዜ ለሚቀጥለው ዓመት ቦዩን በጊዜው መዝጋት ይማራል።

እኔም ከዚያ ኪሳራ በኋላ በመዝገባችን ላይ አንድ ዓምድ ጨምሬአለሁ፤ አርእስቱም «መጨረሻ ውኃ የጠጣበት ቀን» ይላል። በመጀመሪያ ደላሎቹ ሳቁብን፤ አሁን ግን ሳንጠይቃቸው ቀኑን ይነግሩናል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላል የአገራችን ሰው። በልጣጭ ውስጥ ገብቶ የሚያንጸባርቀውም ውኃ እንደዚሁ ነውና፣ ክቡራን የምክር ቤታችን አባሎችም ይህን ዓምድ በየመዝገባቸው ቢያኖሩ ከብዙ ጥፋት እንደሚድኑ አምናለሁ።